የአማቷን ስም ያልጠራችው ምስክር

ሰው የራሱን ባህል ባህል አይለውም፤ ጨዋነት ነው የሚለው። ባህል የሚባለው ጎረቤት የሚያደርገው ነገር ነው። እንግዲህ በባህሉ ምክንያት ሕግ የጣሰን ሰው ሕግ ምን ያድርገው? አደራችሁን፣ ደም እመልሳለሁ ብሎ ሰው የገደለውንም “ባህሌ ነው” ካለ እንልቀቀው ማለቴ አይደለም። እሱንስ ሕጉ አጥብቆ ይያዘው። እኔን የሚያሳስበኝ ማንንም ሳይነካ፣ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣ ብላው ብቻ ጥፋተኛ የሚባለው ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገና ወጥቶ ዳኞቹ ራሳቸው ጣታቸውን እያራሱ ገጽ በሚገልጡበት ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ ማለት፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ሁለቱም ወገን የሚቆጣው ሰው ነው። ዳኛችን ከሰሜን የመጡ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሕግ ሲነኩባቸው ግን አራስ ነብር ይሆናሉ።

አንድ ቀን የበሬ ስርቆት ጉዳይ ቀረበ። ሌባው በሬዎቹን ወደ ጊምቢቹ ገበያ ሲነዳ መንገድ ላይ ተይዟል። የዓይን ምስክሯ ኤርጎጌ የምትባል፣ ካገባች ዓመት ከመንፈቅ የሆናት፣ ጨቅላዋን ያዘለች ልጅ እግር ሴት ናት። ሌባው በሬዎቹን በጓሮው እንሰት መሃል ሲያሾልክ አይታዋለች። በሬዎቹ የአማቷ የአቶ ላምቤቦ ናቸው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ በሀዲያ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በስሙ መነሻ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ትሸሻለች። በሀዲይኛ ደግሞ ሁለት “ላሞ” ነው። ስለዚህ ኤርጎጌ “ስንት በሬ ተነዳ?” ስትባል፣ “አንድ፣ ደግሞም አንድ” አለች። ዳኛው ሳቁ።

“በሬዎቹ የማን ናቸው?”

“የትልቁ ሰው።”

“ስም የላቸውም?”

“አላቸው።”

“እኮ ማን?”

ኤርጎጌ ያዘለችውን ልጅ ሽቅብ አስተካከለች።

ልማዱን አስረዳሁ። ዳኛው “ሕግ አማት የለውም!” ብለው ጠረጴዛውን መቱ። አልናገርም ያለ ምስክር እንደሚታሰር ነገሯት። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጡት አቶ ላምቤቦ ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ “ጥሪው ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ!” አሉ። ኤርጎጌ አንገቷን ደፍታ፣ “እሳቸው ቢፈቅዱ አገሩ መቼ ይፈቅድልኛል?” አለች። የሰባት ቀን እስር ሊጻፍ ብዕር ሲነሳ ሕፃኑ አለቀሰ። ከነጨቅላዋ ልትታሰር ነው፤ ያውም ሰርቃ ሳይሆን አክብራ!

ዳኛውም አልጨከኑም። ቤታቸው ከፍርድ ቤቱ አጥር ጀርባ ነበርና፣ ሴት ከሴት ትግባባለች ብለው ባለቤታቸውን በፖሊስ አስጠሩ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ነገሩም ተነገራቸው።

“ስም መጥራት ምን ያስፈራል?” አሉ ዳኛው። “እስቲ አሳዪአት፤ የእኔን ስም ጥሪላት።”

ወይዘሮዋ ደነገጡ። ዳኛውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ “ኧረ በስመ አብ! እኔ እርስዎን በስም? ያውም በሰው ፊት? ምነው፣ ምን በደልኩ?” አሉ።

ኤርጎጌ እኔ ሳልተረጉምላት ሁሉም ነገር ገብቷት ፈገግ አለች። እንግዲህ አንዷን አስሮ ሌላዋን ምሳ አቅርቢ ማለት እንዴት ይሆናል? ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ለጸሐፊው፣ “ምስክሯ ባለንብረቱን በዓይኗ አመልክታለች ብለህ ጻፍ” አሉት። ሌባው ተቀጣ፣ በሬዎቹ ለአቶ ላምቤቦ ተመለሱ፣ ኤርጎጌም ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ዳኛው መነጽራቸውን እየወለወሉ ጠጋ አሉኝ።

“ከተጋባን አሥራ አራት ዓመታችን ነው” አሉ በሹክሹክታ። “ለመሆኑ ስሜን ታውቀው ይመስልሃል?”