በስቶክሆልም የተቋቋመው ራስ ገዝ

ልቤን የሚያዘው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ዞሬያለሁ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ ልቤ እንደ ከበሮ የሚደልቀው፣ መዳፌ የሚርሰው፣ ጉልበቴ የሚከዳኝ እኔ አዝዤ ነው? አላዘዝኩም። እናንተስ፣ በሰው ፊት ልትናገሩ ብድግ ስትሉ ምራቃችሁን ማን እንደወሰደባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ደስ ብሎኝ እዚያው አደግሁ።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለካ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ልብ የሚያስመታ፣ ላብ የሚያፈልቅ፣ የበላነውን የሚያስፈጭ፣ ስንቆም ደማችን ወደ እግራችን ተንዶ እንዳይቀር የሚጠብቅ የነርቭ ሥርዓት አለን። ይህ ነርቭ ሲታመም ሰው ብድግ ይላል፤ ከዚያ ይወድቃል። የተማርኩት ትምህርት በሁለት ቃል ይኸው ነው።

እዚህ ስቶክሆልም አንድ ሆስፒታል ለዚሁ ነርቭ ሕመም ብቻ የሚሆን ልዩ ክፍል ሲያቋቁም፣ ከአቋቋሚዎቹ ጋር ሥራ አገኘሁ። ወንበር አዝዣለሁ፣ መጋረጃ መርጫለሁ፤ በሽተኛውን አስተኝቶ ቀስ እያለ የሚያቆመው አልጋ ሲገባ ደግሞ እንደ ሙሽራ ተቀብዬዋለሁ። ምክንያት ነበረኝ። የክርስትና እናቴ እትዬ አሰለፈች፣ አካላ የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ፣ በተነሱ ቁጥር ይወድቃሉ። ቅዳሴ ላይ ወድቀው «መንፈስ ነው» ተባሉ። ቮርድሴንትራል የሚሉት የሰፈር ጤና ጣቢያ ሄደው «ውሃ ይጠጡ» ተባሉ። ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ለአንድ ሽማግሌ ቦታ ሊለቁ ተነስተው እዚያው ሽማግሌው ጭን ላይ አረፉ። ይህን እየሳቁ ያወሩታል። ባለፈው ክረምት የባቡሩ ደረጃ ላይ ወድቀው ግንባራቸው ተፈንክቶ ሲሰፋ ግን ማናችንም አልሳቅንም። ቀጣዩ ደረጃ የት እንደሚጥላቸው እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሌና ጥሩ ስዊድናዊት ናት። የበሩ ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ ይሁን አለችና አማርኛው እኔ ላይ ወደቀ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ በራሱ የሚተዳደር፣ የሌላ ትእዛዝ የማይጠብቅ ለሚባል ነገር ቃሉ አንድ ነው። በትልልቅ ፊደላት አስጻፍኩት፦ «የራስ ገዝ ክፍል»። «ነርቭ» የሚለው ቃል ከታች በትንንሹ ነበር። ቃሉ ትክክል ነው። ችግሩም ትክክል መሆኑ ነው።

እትዬ አሰለፈች በቀጠሯቸው ቀን መጡ፣ አነበቡ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ቆሙ።

«ራስ ገዝ?»

«አዎ እትዬ፣ ነርቩ ማለት...»

«እኔ እዚህ በረዶ ድረስ የመጣሁት ከምን ሸሽቼ ይመስልሻል? እዚህም ደረሱብኝ? በይ ደህና ሁኚ!»

እስከ እሑድ ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሌላው ባንዲራው ስንት ቀለም እንዳለው። ፋርስታ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ የጎረምሳ ልብ ያላቸው አዛውንት «ለጊዜው ገለልተኛ ነኝ» ብለው አረጋጉኝ። የሆስፒታሉ ስልክ በጥሪ ተጨናነቀ። ዶክተር ሌና በደስታ ልትበር ደረሰች። «ለጤናው እንዲህ የሚቆረቆር ሕዝብ አይቼ አላውቅም!» አለችና ስብሰባ ጠራች። አስተርጓሚዋ ማን እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም።

ሱንድቢበሪ በሚባለው ሰፈር ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ አሰለፈች ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሊቃወሙ። የመጀመሪያው ጠያቂ አቶ ጌታነህ ነበሩ፤ እድራችንን ለዘመናት በሊቀመንበርነት መርተው በቅርቡ በምርጫ የወረዱት።

«በግልጽ ይነገረን! ይህ ራስ ገዝ ለማዕከላዊው ይታዘዛል ወይስ አይታዘዝም?»

ማብራራት ነበረብኝ። ምላሴ ግን ደርቋል፤ ልቤ አዳራሹን ጥሎ ሊሄድ ነው። እንዳለ ተረጎምኩት። ለዶክተር ሌና ማዕከላዊ ማለት አንጎል ነውና ፊቷ በራ።

«ግሩም ጥያቄ! በአብዛኛው አይታዘዝም። የማዕከላዊውን ትእዛዝ ቢጠብቅ ኖሮ እስካሁን ሁላችንም አልቀን ነበር!»

ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩት። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ ተነሳ። ከተነሱት አንዷ እትዬ አሰለፈች ናቸው። ጣታቸውን ወደ ዶክተሯ ቀስረው «ስሚ አንቺ ሴትዮ!» አሉ፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የቆሙት። እንደ ተፈታ ነጠላ ተዝለፈለፉ።

«ገደሏቸው!» አለ አንድ ድምፅ። ሰው ሁሉ ላያቸው ላይ ተከመረ። ያን ጊዜ ከአዳራሹ መሃል አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ! እግራቸውን ከፍ አድርጉላቸው! ራስ ገዝ የተባለው አገር አይደለም፤ እትዬ አሰለፈችን የሚጥላቸው ነርቭ ነው!»

ሰው ሁሉ ባለበት ቁጭ አለ። ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ። ልቤ አሁንም እየደለቀ ነው፣ መዳፌ እርሷል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም ተናግሬያለሁ። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ የትም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም።

እትዬ አሰለፈች ከወለሉ ላይ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ታዲያ ይሄንኑ በሩ ላይ ብትጽፊው ምን ነበረበት?»

ጻፍኩት። «ብድግ ሲሉ ለሚወድቁ ሰዎች» ይላል አሁን። እትዬ አሰለፈች የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆኑ፤ አልጋው ቀስ እያለ ሲያቆማቸው «ኧረ ለማን ነው እንዲህ የምነሳው?» እያሉ ነርሶቹን አሳቁ። መድኃኒት ጀምረዋል፣ የባቡሩን ደረጃም ቀስ ብለው ይወርዱታል።

ትናንት የክፍሉ ስልክ ጮኸ። አቶ ጌታነህ ናቸው።

«ልጄ፣ የሚወድቁ ሰዎች ይላል አሉ። ከወንበር የወደቀስ ይገባበታል?»

ልቤ እንደ ልማዱ ጀመረ። የሚያዘው ማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ደግሞም አልጣላውም። እሱ በራሱ ይምታ፣ ራስ ገዝ ነው። አፌን ግን እኔ ላስተዳድረው ወሰንኩ።

«ይገባል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሰኞ ይምጡ። ሲመጡ ግን ቀስ ብለው ይነሱ።»