ሞጣና ባሕሩ

[ቢቸና፣ የአቶ መንግስቴ ቤት። መንግስቴ ዲሽ በመትከል የታወቀ ነው፤ ሳተላይት ያለ እሱ ፈቃድ የሚዞር አይመስለውም። ከሞጣ ሦስት ሽማግሌዎች አንድያ ልጁን ወይንእሸትን እዚያው ሞጣ ለሚኖረው ለመምህር የኔሰው ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተዋል። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና እንደቆሙ ናቸው። የሚናገሩት አያ እንዳለው ሲሆኑ ሁለቱ ያዳምጣሉ።]

መንግስቴ፦ ሞጣ ከቢቸና ዝቅ ትላለች አልኩዎት እኮ።

እንዳለው፦ ስንመጣ መኪናው ሲወጣም ሲወርድም ነበር። የቱ ጋ ነው ዝቅታዋ?

መንግስቴ፦ ሳተላይት ያየዋል። ባሕር በየዓመቱ ከፍ እያለ ነው፣ አያ እንዳለው። ልጄን ለውሃ አልሰጥም።

እንዳለው፦ ሳተላይቱ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚለካው?

መንግስቴ፦ [ደስ እያለው] ባሕር ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከላይ ሆኖ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ የባሕሩን ፊት ነክቶ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ውሃው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲለካ ኖሯል። ከዚያ ተነስተው ባለሙያዎቹ ወደፊት በየአካባቢው ምን ያህል እንደሚጨምር ይገምታሉ።

እንዳለው፦ በየአካባቢው? የድስት ውሃ እኩል አይደል እንዴ?

መንግስቴ፦ ባሕር ድስት አይደለም። ሞቅ ያለው ጋ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ነፋስም ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። አንዱ አገር ይብስበታል፣ ሌላው ይቀልለታል።

እንዳለው፦ ለሞጣስ ስንት ወጣላት?

መንግስቴ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] የሞጣው ገና ነው። ለጊዜው የወጣው ባሕሩ አፍንጫ ሥር ላሉት ነው።

እንዳለው፦ በዓመት ምን ያህል ይሆናል?

መንግስቴ፦ እንደየቦታው ነው። በደምሳሳው የገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል።

እንዳለው፦ [ጉልበታቸውን እያሹ] እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ታዲያ ባሕሩ የዓባይን በረሃ ሞልቶ፣ የደጀንን ዳገት ወጥቶ መቼ ይደርሳል?

[መንግስቴ ልቡ ቀለል አለው። እኚህ ሰው ከተደናገሩ ነገሩ ለሌላ ጊዜ መቀጠሩ ነው።]

መንግስቴ፦ ቀስ እያለ ነዋ። የባሕር ነገር አይታመንም።

እንዳለው፦ እሺ፣ ደረሰ እንበል። ምን ያደርጋሉ?

መንግስቴ፦ ያን ዕለት ራሴ ሄጄ ልጄን አመጣታለሁ። አንድ ሌሊት አታድርም።

እንዳለው፦ ከዚያ በፊትስ?

መንግስቴ፦ ከዚያ በፊትማ ምን ከፋኝ? በሰላም ትኑራ።

[እንዳለው ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።]

እንዳለው፦ ሰምታችኋል። ባሕሩ ሞጣ እስኪደርስ ልጃቸውን ሰጥተውናል።

[ሦስቱም እጅ ነሥተው ተቀመጡ። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም። አሁን ቆሞ የቀረው መንግስቴ ነው።]

መንግስቴ፦ ይህማ ወጥመድ ነው።

እንዳለው፦ የራስዎ ቃል ነው።

መንግስቴ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ባሕሩን ፈርቼም አይደል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ እሷ ናት። ከሄደች ከማን ጋር አወራለሁ?

እንዳለው፦ እሱንማ ገና ከበር ስንገባ አውቀናል።

መንግስቴ፦ አውቀው ነው ይህን ሁሉ ያስለፈለፉኝ?

እንዳለው፦ ምን ላድርግ፣ ጥሩ ወሬ ሆነብኝ። እኔማ ልጄን ስጠየቅ ያመጣሁት ሰበብ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር።

መንግስቴ፦ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?

እንዳለው፦ «እስኪንቀጠቀጥ እንውሰዳት» ብለው ወሰዷት። ይኸው አሁን በየበዓሉ ልጆቿን አግተልትላ ትመጣለች፤ ቤቱ የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው።