ሰፈር ያስለቀሰ ጥሞና

ልጅ ዝም ካለ ወይ ታሟል፤ ወይ የሚሰብረው ዕቃ አግኝቷል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስገልጥ ኖሬ ነው የምላችሁ። የዛሬ ወላጆች ግን ልጅ ዝም ሲል "ተረጋጋልን" ብለው እልል ሊሉ ምንም አይቀራቸውም።

ከኖርዌይ ተመልሼ ያረፍሁት ዘንዘልማ፣ የወንድሜ ልጅ ሰናይት ቤት ነው። ኮሌጅ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ሥልጠና ወስዳ መጣችና በየማታው ልጆቿን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ዓይን ማስጨፈን ጀመረች። "ጥሞና" ትለዋለች። የጣና መነኮሳት ለዚህ ብለው ዓለምን ንቀው፣ በታንኳ ተሻግረው ደሴት ይገባሉ፤ የእኛዋ በሶፋና በፍሪጅ መካከል፣ ራት ሳይቀርብ ልትጨርሰው! ትምህርቱም፦ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ይምጣ፣ አትፍረዱበት፣ ይለፍ። "አክስቴ፣ እርስዎም ቢሞክሩት ከምሬት ያርፉ ነበር" አለችኝ። ምሬቴ ምን አደረጋት? የቀረኝ ሀብት እሱ ነው።

ደግሞስ ያለ ምክንያት መረርሁ? እንደመጣሁ የሰፈሩ ዕድር አባል ልሁን ብዬ ጠይቄ ነበር። ሰው አገሩ የሚገባው አውሮፕላን ሲያርፍ አይደለም፤ ዕድር ሲገባ ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ ሙሉቀን ግን "እናታችን፣ ሰፈሩ ገና ስላላወቀዎ ትንሽ ይታገሡ" እያሉ ያመላልሱኛል። በኔ ዕድሜ "ትንሽ ይታገሡ" ይባላል? ጎረቤቱም "እንዴት አደሩ" ብሎ ያልፋል እንጂ ደጄን የረገጠ የለም።

እናም ባለፈው ማክሰኞ በጥሞናው አኩርፌ ጓዳ ገባሁ፤ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ መጽሐፌን ታቅፌ ተኛሁ። ሳሎን ውስጥ ሰናይት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ መሬት ተቀምጣለች። ትንሹ ናሆም ካርቱን ስለተከለከለ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። በሩ ክፍት ነው። ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘሐራ ብቅ አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ቤተሰብ መሬት ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልጅ እያነባ፣ አሮጊቷ ደግሞ ዘወትር በር ላይ ከምትቀመጥበት ወንበር ስትታጣ ሰው ምን ያስባል? "ምነው? እማማስ?" ብለው ቢጠይቁ፣ ሰናይት ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ትንፋሿን ማዳመጧ ነበር አሉ! ወይዘሮ ዘሐራ ከዚያ በላይ ምን መርዶ ይጠብቁ? "ወይኔ እናቴን!" እያሉ ወጡ።

የዕድሩ ዕቃ ቤት ያለው ከአጥራችን ጎን ነው፤ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰፈሩ በዋይታ ሲናወጥ ሰናይት ምን አደረገች? ድምፁ እንዲያልፍ ተወችው! አልፈረደችበትም! በኋላ ትልቋን ልጅ ሶልያናን ብቆጣት፣ "እማማ፣ ያልፋል ተብለን እኮ ነው" አለችኝ።

እኔን የቀሰቀሰኝ ጥጡን ጥሶ የገባ ሙሾ ነው። ብወጣ ግቢው በሰው ጢም ብሏል፤ ጎረምሶች ድንኳን ተክለው ገመዱን ይወጥራሉ፤ ስሜን እንኳ የማያውቁ ሴቶች ደግነቴን እየዘረዘሩ ደረት ይመታሉ። "እጇ የማይታጠፍ!" ትላለች አንዷ። ጨው እንኳ ለምናኝ አታውቅም! "እንዴት አመሻችሁ?" ብል ግማሹ ወደ በር ሸሸ፤ ወይዘሮ ዘሐራ ጉልበቴን አቅፈው "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ሰናይት ይሄኔ ዓይኗን ገለጠች።

ይህችስ አታመልጠኝም አልሁና አቶ ሙሉቀንን እጃቸውን ያዝሁ። "ሰፈሩ አላወቀዎም ብለውኝ ነበር። ታዲያ ማንን ነው የሚያለቅሰው?"

ኮፍያቸውን እያሻሹ ሽማግሌዎቹን አማከሩ። መለስ ብለውም "እናታችን፣ ከዛሬ ጀምሮ አባላችን ነዎት" አሉኝ። ደስታዬን ሳላጣጥም ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

"ብቻ ቅር እንዳይልዎ፤ በደንባችን ለአንድ ሰው ድንኳን የሚተከለው አንድ ጊዜ ነው። የእርስዎ ዛሬ ተተክሏል።"