እንዳታልቅ የተቆለፈች ዲስክ

አዲስ ዕቃ ገዝቶ ላስቲኩን የማያነሳ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? በቆላማዋ ገንዳ ውሃ ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት መምህር ደሴ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው፤ የቴሌቪዥናቸው ሪሞት እንኳ ዛሬም ላስቲኩን እንደለበሰ ነው።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ከጎንደር የክብሪት ቀፎ የምታህል ኤስኤስዲ የተባለች የኮምፒውተር መረጃ መያዣ ዲስክ ከነብረት ሽፋኗ ላከችላቸው። በውስጧ የሟቿ ድምፅ ነበረ፤ «አንተ ሰው፣ ጫማው ሳታደርገው ሊያረጅ ነው!» እያሉ ሲቆጧቸው የተቀዳ። ሌላ ቅጂ አልነበረም። መምህር ደሴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተው «ደጋግሜ ከሰማኋት ታልቃለች» አሉና በቆርቆሮ ሣጥን ቆለፉባት። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ የምለው እኔስ ምን አልኩ? «አስተዋይ ነዎት!» አልኩ።

ሣጥኑ በቆላው ሙቀት ዓመታት ከረመ። ባለፈው ሙት ዓመት ዲስኳን ይዘን ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄድን።

«ባዶ ናት፣ መምህር» አለ ሰካክቶ ሲያበቃ። «እንዲህ ያለችው ዲስክ ኤሌክትሪክ ሳታገኝ በሙቀት ስትከርም የያዘችውን ልትለቅ ትችላለች። አልፎ አልፎ ቢሰኳት ኖሮ…»

«እንዳታልቅ ብዬ እኮ ነው!»

«መስማት አይጨርሳትም ነበር።»

ስንመለስ መምህር ደሴ መንገድ ላይ ቆሙ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ድምጿ ቀጭን ነበር ወይስ ወፈር ያለ?»

ሠላሳ ዓመት የተጎራበትኩ ሰው፣ እኔም ረስቼዋለሁ።