ልብስ ሰፊዋና አራቱ እህትማማች ቋንቋዎች

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ማንም ሳይሾማት በራሷ ሥልጣን መምህር የሆነች አንዲት ሴት አትጠፋም። የተቀጠረችው ለሌላ ሥራ ነው። ያልጠየቅሃትን ታስተምርሃለች፤ ስትሸሻት ደረጃ ላይ ጠብቃ ትይዝሃለች፤ ተምረህ ስትጨርስ ደግሞ ትፈትንሃለች። እንዲህ ያለች ሴት ካላጋጠመችህ፣ ገና ሥራ አልያዝክም ማለት ነው።

በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ንጽህና ክፍል ውስጥ ያለችው ግን ከሁሉም ትብሳለች። ሥራዋ የእንግዶችን ልብስ መጠገን ነው፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች። ሠራተኛው ፊት ለፊቷ "ልብስ ሰፊዋ"፣ ዞር ስትል ደግሞ "ክብርት ፕሮፌሰር" ይላታል። ከእሷ ጋር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይታ የኖረችው ተኳሿ ናት። ተኳሽ ሲባል ጠመንጃ ያነገበች እንዳትመስልህ፤ መሣሪያዋ ካውያ ነው። ጠመንጃ በሆነልኝ ብላ የተመኘችበት ቀን ግን አልጠፋም።

ምክንያቱ ግድግዳው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሸሚዝ ሲታጠፍ ውስጡ የሚገባውን ካርቶን እየሰበሰበች፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ በአራት ረድፍ ለጥፋዋለች። በአንደኛው ረድፍ ጣሊያንኛ፣ በሁለተኛው ስፓኒሽ፣ በሦስተኛው ፖርቱጋልኛ፣ በአራተኛው ፈረንሳይኛ።

"እህትማማቾች ናቸው" ትላለች፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ። "እናታቸው ላቲን ሞተች፤ ልጆቹ ቃሉን ተካፈሉት። ቃሉ ያው ነው፣ ጭራው ብቻ ነው የሚለየው።"

ይህቺን "ጭራው ብቻ" የምትለውን ነገር ተኳሿ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰማት መቁጠር ትታለች።

"ወተት በይ" ትላታለች ልብስ ሰፊዋ አንድ ጠዋት።

"እየተኮስኩ ነው።"

"የሚተኩሰው እጅሽ ነው፤ አፍሽ ምን ሆነ? ጣሊያኖቹ ላቴ ይሉታል፣ ስፓኞቹ ሌቼ። ማታን ጣሊያኖቹ ኖቴ ካሉት፣ ስፓኞቹ ምን ይሉታል?"

"ኖቼ" አለች ተኳሿ፣ ብቻ ትተወኝ ብላ።

"ስምንትስ? ኦቶ ካሉት?"

"ኦቾ።"

"አየሽ፣ ማንም ሳይነግርሽ አወቅሽው።"

ተኳሿ ያን ቀን ስትበሳጭ ዋለች። ያበሳጫት ማወቋ ነው።

ከትምህርቱ የሚያመልጥ አልነበረም። አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ በሩ ላይ ሳጥኑን እንደተሸከመ፣ ስለ ውሃ ተምሯል። "አኳ፣ አጉዋ፣ አግዋ። ፈረንሳዮቹ ግን ሁሉንም ጠጥተው 'ኦ' ብቻ አስቀሩ" ብላው፣ ሰውዬው እስኪስቅ ድረስ መንገድ አልለቀቀችለትም። የላይኛው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ደግሞ ሮጦ ወርዶ "ቅቤ ምን ይባላል? ቶሎ" ሲላት፣ "ቡሮ" አለችው። ልጁ "እንግዶቹ ስፓኞች ናቸው" ቢል፣ "ጭራው ቢለይ ነው" ብላ ሰደደችው። አስተናጋጁ ወጥቶ፣ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ዳቦውን ከአህያ ጋር ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። በስፓኒሽ ቡሮ አህያ ነው።

ተኳሿ ይህን ስትሰማ፣ አሁንስ ታፍር ይሆናል ብላ ጠበቀች። የት አባቷ። ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን አውርዳ፣ ከ"ቡሮ" ጎን አህያ ሥላ፣ መልሳ ሰቀለችው።

"እኔ ምን አጠፋሁ? ቅቤውን ያበላሹት እነሱ ናቸው።"

ይህ ሁሉ ድርቅና ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱን የምታውቀው ተኳሿ ናት፤ ባታውቀው ግን ደስ ባላት ነበር። ተኳሿ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ አንዲት ፈረንሳዊት እንግዳ ትከሻው ላይ የተቀደደ ካፖርት ይዛ፣ የፎቁን ተቆጣጣሪ አስከትላ ምድር ቤት ወረደች። ለልብስ ሰፊዋ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም፣ ለእንግዳ እንዲደረግ እንደታዘዘው፣ ፈገግ ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀች፤ ደግማ ነቀነቀች። ሁለት ጊዜ የተጠየቀችው "አንቺ ነሽ ወይ የቀደድሽው?" ተብሎ ነበር። የገዛ አንገቷ መሰከረባት። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ፋይሏ ውስጥም ገባ።

ካፖርቱ መጀመሪያም ለንጽህና ሲላክ ከነቀዳዳው ነበር የመጣው። ተቀብላ የሰቀለችው ተኳሿ ስለሆነች አይታዋለች። አዲስ ነበረችና ፈራች፤ ዝም አለች።

በሳምንቱ አንዲት አልጋ አንጣፊ፣ እንግዳ ጥሎት የሄደውን ባለ አራት ቋንቋ የመንገደኛ መጽሐፍ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። "ከዛሬ ጀምሮ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ "ባልገባኝ ነገር አንገቴን አልነቀንቅም።" የመጀመሪያው ካርቶን በማግስቱ ተለጠፈ።

እንግዲህ ዋናው ጣጣ የመጣው በአንድ ቀሚስ ነው። አንዲት ስፓኛዊት እንግዳ ጉርድ ቀሚሷን፣ "ላርጎ" የሚል ቃል የተጻፈባት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ላከችው። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳዋን አየች። በጣሊያንኛ ላርጎ፣ ሰፊ። በፖርቱጋልኛ ላርጎ፣ ሰፊ። በፈረንሳይኛ ላርዥ፣ ሰፊ። የስፓኒሹ ረድፍ ላይ ክፍት ቦታ ነበር። እዚያም "ላርጎ" ብላ ሞላችበት።

"እንግዳ መቀበያ ደውለሽ አትጠይቂም?" አለቻት ተኳሿ።

"ሦስት እህቶች ከመሰከሩ አራተኛዋን ምን ብዬ ልጠይቅ?"

ቀሚሱን ከግራና ከቀኝ አራት ጣት አጠበበችው። አራተኛዋ እህት ግን የራሷ ሰው ናት፤ በስፓኒሽ ላርጎ ማለት ረጅም ነው። ሴትዮዋ ልጇ ልትመረቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ቀሚሱን ብታጠልቀው ዳሌዋ ላይ ቀረ። ጩኸቷ በስልክ መጥቶ ምድር ቤቱን ሞላው።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ቶሎ አስመለሰች። የሰው ጨርቅ ሳታስፈቅድ በመቀስ አትነካም፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ነበር የሰፋችው። በሃያ ደቂቃ ፈታችው፣ ጫፉን አሳጠረች፣ ተኳሿ ተኮሰችላት። ከዚያም ለሠራተኛ የተከለከለውን የእንግዶች አሳንሰር ይዛ ወጣች። ክፍሉን አንኳኩታ፣ በራሷ አፍ፣ በሴትዮዋ ቋንቋ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ሴትዮዋ ቀሚሱን ለብሳ፣ ልብስ ሰፊዋን ጉንጯ ላይ ስማ፣ ወደ ምርቃቱ ሮጠች።

የሆቴሉ የሠራተኞች ኃላፊ ግን ከአሳንሰሩ ስትወርድ አገኛት። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ ምድር ቤት መጣ።

"አንድን ቃል በሁለት ትርጉም እያምታቱ የእንግዳ ልብስ ያበላሻሉ" አላት። "ይህንን ይፈርሙ።"

"ኃላፊ፣ በእኛስ ቋንቋ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የለውም? 'ሰፊ' ብለው ይጻፉ። ሆዱ ትልቅ የሆነ ቀሚስ ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው፦ "ከእንግዶች ጋር በማንኛውም ቋንቋ ላለመነጋገር፣ በግድግዳው ላይ ያሉትንም ጽሑፎች ለማንሳት ተስማምቻለሁ።"

"አልተስማማሁም" አለች።

"ስለ ቀሚሱ ተሳስተዋል እኮ።"

"ተሳስቻለሁ። ስህተቴን ተናግሬ አስተካክያለሁ። የቀሚሱን ጥፋት ጽፈው ያምጡ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ዝም ለማለት ግን አልፈርምም። ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ አልጠቀመኝም።"

ተኳሿ ካውያዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። አንገቷ ጋለ።

ልብስ ሰፊዋ ለአንድ ሳምንት ታገደች። ካርቶኖቹ ተነቀሉ። ተኳሿም፣ አሥራ አራት ዓመት የለመነችው ጸጥታ መጣላት። በመጀመሪያው ቀን አጣጣመችው። በሁለተኛው ቀን ሬዲዮ ከፈተች። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጁ እየሮጠ ገብቶ ባዶውን ወንበር አይቶ ቆመ።

"አንድ ሰውዬ 'ማንቴይጋ' እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ማንን ልጠይቅ?"

"ቅቤ ነው። ፖርቱጋሎች ናቸው እንደዚያ የሚሉት" አለች ተኳሿ፣ ቀና ሳትል።

ልጁ አፉን ከፍቶ አያት። እሷም ካውያውን አቁማ ራሷን አዳመጠች። ከዚያ ካውያውን ነቀለች፣ ሽርጧን ፈታች፣ በደረጃው ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች።

"ፋይሏ ውስጥ የካፖርት ክስ አለ" አለችው፣ ሳትቀመጥ። "ካፖርቱ ተቀዶ ነው የመጣው። በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩም፤ አሁን ይጻፉልኝ።"

ኃላፊው ግራ ገባው። "ይሄ እኮ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው።"

"ፋይሉ ግን የሚቀመጠው እርስዎ ጋ ነው። ሌላም አለኝ። ያቺን ያለመናገር ወረቀት ለእኔም ያምጡልኝ።"

"እርስዎን ማን ይፈርሙ አለ?"

"እኔም እናገራለሁ። አሁን ለአስተናጋጁ ተናግሬ መምጣቴ ነው። አልፈርምም፤ አብረን እንታገዳለን።"

"ባለፈው ዓመት እኮ ቦታ ይቀየርልኝ ብለው ያመለከቱት እርስዎ ነዎት። 'ጆሮዬን አደነቆረችው' ይላል ማመልከቻዎ።"

"አደንቁራኛለች። ጆሮው የእኔ ነው፤ እርስዎን ምን አገባዎት?"

በኮሪደሩ አልጋ አንጣፊዎቹ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አንዳቸውም ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ኃላፊው እነሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፋይሉን አወጣ። የተኳሿን ቃል በገዛ እጁ ጽፎ ከድሮው ማስጠንቀቂያ ጋር አያያዘው። ያለመናገሩን ወረቀት ግን ቀደደው። በምትኩ፣ የእንግዳ መልእክት ሲያሻማ በስልክ ይጠየቅ የምትል አንዲት መስመር ጻፈ። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ሲላክላት ይህቺን ሳታንገራግር ፈረመች፤ ፊርማዋ ግን የገጹን ግማሽ ያዘ።

እገዳዋ አልቆ ሐሙስ ጠዋት ተመልሳ ገባች። ኮቷን ሰቀለች፣ የመኪናዋን ክር አየች፣ በሌለችበት ማን እንደነካካው ጠየቀች። አመሰግናለሁ አላለችም። ተኳሿም ምን እንዳደረገች አልነገረቻትም፤ ኮሪደሩ በሙሉ ነግሯታልና። ተኳሿ ካውያዋን አቆመች።

"'ናፍቀሽኛል' በእነሱ ምን ይባላል?"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከመርፌው ዓይን አስገብታ ጨረሰች። "ለማን ልትይው ነው?"

"ለማንም። ለማወቅ ያህል ነው።"

"እሱ አስቸጋሪ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጣሊያኖቹና ፈረንሳዮቹ 'ጎደልሽብኝ' ይላሉ። ስፓኞቹ ሌላ አላቸው። ፖርቱጋሎቹ ደግሞ ለብቻው አንድ ቃል አውጥተውለታል። አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።"

ተኳሿ ወንበር ስባ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ከጣሊያኑ ጀምሪ" አለቻት።