ሰላምታ የሞላው ሁለት መስመር

ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አንገሽግሿችሁ ያውቃል? እኔን አንገሽግሾኛል። ኮምቦልቻ ላይ ብርድ ልብስ ለሚሸጡት ለሐጂ እንድሪስ ድረ ገጽ ሠራሁ። ሰው ኢንተርኔት ላይ ሱቃቸውን ሲፈልግ ከስሙ ሥር የምትነበበውን መግለጫ ራሳቸው እንዲጽፏትም ቦታ ከፈትኩላቸው። የምትታየው ሁለት መስመር ብቻ ናት። ሐጂ ምን ቢጽፉባት ጥሩ ነው?

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ?…»

ብርድ ልብሱ የታለ? ከሰላምታው ኋላ ተሰልፎ ቀረ! ገዢው ምን እንደሚሸጡ ሳያውቅ ያልፋቸዋል።

ዛሬስ ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው ብዬ እየተንጨረጨርኩ ከደሴ ወደ ሱቃቸው ወረድኩ።

«መርሐባ ልጄ! እናትህ ደህና? ጎረቤቶችህስ? የጎረቤቶችህ ልጆችስ?»

ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«ለመሆኑ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሰላም ልልዎት ብዬ ነው» አልኳቸው።