ኽምጣኛ፦ እጅግ በጣም ጥሩ

ሲቪው ላይ ያልዋሸ ሰው ካለ ወይ ሲቪ የለውም፣ ወይ ሥራ የለውም። አትቆጡኝ... እስቲ እናንተም ፋይል ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ያንን ወረቀት አውጡና «በቡድንም ሆነ በግል የመሥራት ከፍተኛ ችሎታ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። አገኛችሁት? በቡድን የሠራችሁት ምን ነበር? የግቢውን የቡድን ሥራ እንደሆነ አንዲት ጎበዝ ልጅ ብቻዋን ሠርታ የሁላችሁንም ስም እንደጻፈችላችሁ አውቃለሁ፤ የእኔንም ስም የጻፈችው እሷው ናት።

ስለዚህ እንተዛዘን። እኔም ዋሽቻለሁ። የኔ ጥፋት መዋሸቴ ብቻ አይደለም፤ ሰቆጣ ተቀምጬ፣ የሰቆጣ ሰው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያጋልጠኝ የሚችለውን ውሸት መምረጤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማኔጅመንት ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። በነዚህ ሁለት ዓመታት ያስተዳደርኩት ነገር ቢኖር የእናቴን አምስት ዶሮዎች ነው፤ እነሱም ሲፈልጉ ነው የሚታዘዙኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ እወጣና ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ አረፍዳለሁ። «የሥራ ልምድ፦ ሦስት ዓመት» ይላል አንዱ። «አምስት ዓመት» ይላል ሌላው። አልፎ አልፎ «ዜሮ ዓመት» የሚል ብቅ ሲል ደግሞ የከተማው ምሩቅ በሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል። በዜሮ ዓመት እንኳ እኔን የሚያህል ልምድ ያለው ሰው የለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ሠርቼበታለሁ።

እኔስ ለምጄው ነበር። ያሳዘነችኝ እናቴ ናት። እናቴ የማርያም ማኅበር አላት፤ ወር በመጣ ቁጥር በሃያ አንድ ይሰበሰባሉ። እዚያ ስትደርስ ዳቦው ሳይቆረስ ጥያቄው ይቀድማል። «ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ?» መጀመሪያ «እየጠበቀ ነው» ትል ነበር። ቀጥሎ «ሊጠሩት ነው» አለች። በመጨረሻ ራሷን ያማት ጀመር፤ በየወሩ፣ በሃያ አንድ፣ ቀኑን ሳያዛንፍ። ድርሻዋን በጎረቤት ትልክና ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳ እያየች ትውላለች። ሦስት ወር እንዲህ አየኋት። ሥራውን የፈለግኩት እንግዲህ ለዚህ ነው፤ እናቴን ወደ ማኅበሯ መመለስ ነበረብኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳው ላይ ይቺን ለጠፈ። «የበግና የፍየል ክትባት ዘመቻ አስተባባሪ። ብዛት፦ ሁለት። ልምድ፦ ዜሮ ዓመት። ኽምጣኛ የሚችል ቅድሚያ ይሰጠዋል።»

እዚህ ላይ የቤታችንን የቋንቋ ፖሊሲ ላስረዳችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወልድያ ወዲያ በመምህርነት የመጣ ሰው ነበር፤ ኽምጣኛ የሚባለውን የዋግ አገዎች ቋንቋ አይሰማም። እናቴ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው። ስለዚህ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ። እናቴ በአማርኛ ታጎርሰኛለች፣ በአማርኛ ታጫውተኛለች፣ በአማርኛ ትስመኛለች። ስትናደድ ግን አማርኛው አይበቃትም። ያን ጊዜ ኽምጣኛ ይመጣል። «በሩን ዝጋ፣ ዶሮዎቹ ገቡ!» «ያቺን ፍየል መልሳት!» «ማሰሮውን ማነው የሰበረው?» ይኸ ሁሉ በኽምጣኛ ነው። እኔም ኽምጣኛ የሰማሁ እንደሆነ ትርጉሙን ሳልጠብቅ ብድግ ብዬ በር እዘጋለሁ። ሰው ቋንቋ የሚሰማው በጆሮው ነው፤ እኔ ኽምጣኛን የምሰማው በእግሬ ነው።

ወደ ሰብለ ሄድኩ። ሰብለ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አላት፤ የከተማችን ሥራ ፈላጊ በሙሉ በሷ ጣት ያለፈ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰብለ ያላት አንድ ሲቪ ነው፤ የሚለዋወጠው ስሙ ነው።

«ልምድ?» አለችኝ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«የለኝም።»

«የለኝም ተብሎ አይጻፍም። የእድር ድንኳን ተክለህ አታውቅም?»

«ተክያለሁ።»

«በጊዜያዊ መጠለያ ግንባታ» ብላ ጻፈች። «ሌላስ?»

«አጎቴ ማር ሲቆርጥ ጭስ ይዤለት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ... ንብ ከንፈሬን ነድፎኝ ሳምንት ሙሉ አፌ አልገጥም አለኝ።»

«በንብ ሀብት ልማት፣ በመስክ» ብላ ቀጠለች። «ሳምንት ያህል ካልክማ 'በተከታታይ' ልንል እንችላለን።»

ጣቷ አያርፍም። እኔም ከትከሻዋ ኋላ ሆኜ ሳነብ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰውዬ እየወደድኩት ሄድኩ። እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዴት ሁለት ዓመት ቤት ያስቀምጡታል ብዬ ከልቤ አዘንኩለት።

«ኽምጣኛ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ ትንሽ የሚል ሳጥን የለም። ያለው ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ እጅግ በጣም ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ በይው።»

«ጥሩ ብሎ የተጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም» አለችና የመጨረሻው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። መናገር፣ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፤ አራቱንም። እኔ በኽምጣኛ የጻፍኩት ነገር ስሜን እንኳ አይጨምርም። ግን ሃያ አንድ እየደረሰ ነበርና ከፍዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ለቃለ መጠይቅ የተመረጡት ሲለጠፉ ሦስተኛው ስም የኔ ሆነ። ደስታዬ እስከ ቤታችን በር ድረስ ቆየ። በሩን ሳይ ኽምጣኛው ትዝ አለኝ። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

«እማዬ፣ ኽምጣኛ አስተምሪኝ» አልኳት።

ደንገጥ አለች። «ምነው፣ ምን አጥፍተሃል?»

ነገሩን ስነግራት ፊቷ በራ። ወዲያው ከሰላምታ ጀመርን። እሷ ትላለች፣ እኔ እከተላለሁ። ግን መሀሉ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለ፤ እሷ ስትለው ሰላምታ ነው፣ እኔ ስለው ሳል ነው። አንዴ አረመችኝ። ሁለቴ አረመችኝ። አራተኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀና ቱግ አለች። ያን ጊዜ የተናገረችው አንድም ሳይቀር ገባኝ። ትምህርቱ ግን ወደፊት አልሄደም፤ ስትታገሰኝ አይገባኝም፣ ሲገባኝ ተቆጥታለች። በሁለት ቀን የያዝኩት አንድ ሰላምታና አንድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር።

የፈተናው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዲት የሰው ሀብት ባለሙያና የገበሬዎች ተወካይ ሆነው የተጠሩ አያ ምስጋናው የሚባሉ ሽማግሌ። አያ ምስጋናው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። በሩ ለነፋስ ተብሎ ክፍት ነው፤ ይቺን በር ያዙልኝ።

ሰብሳቢው ሲቪዬን አነሳ። «በጊዜያዊ መጠለያ ግንባታ ስንት ሠርተሃል?»

«ሁለት» አልኩት። «አንዱን ነፋስ ወስዶታል።»

ባለሙያዋ ሳቋን በእስክሪብቶዋ ሸፈነችው። «ኽምጣኛ እጅግ በጣም ጥሩ ይላል። አያ ምስጋናው፣ እስቲ እርስዎ ያናግሩት» አለች።

አያ ምስጋናው በኽምጣኛ ሰላም አሉኝ። መለስኩ፤ ያንን የጉሮሮ ድምፅ እንኳ አልሳትኩትም። ሰብሳቢው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ችግሩ... እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የኛ አገር ሽማግሌ ሰላምታ በአንድ አያበቃም። ቤተሰብ አለ፣ ከብት አለ፣ ዝናብ አለ፣ እህል አለ። እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። አንዴ አልኩ፣ ሁለቴ አልኩ፣ ሦስቴ አልኩ። አራተኛው ላይ አያ ምስጋናው ትንሽ አዘን ብለው አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እኔም ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው።

ኋላ እንደተረዳሁት የነገሩኝ በሬያቸው እንደሞተባቸው ነበር።

«በል እንግዲህ» አሉኝ በአማርኛ፣ ዓይናቸውን አጥብበው። «እኔ ብዙ ተናገርኩ። አንተ ተናገር።»

ነጠላዋን የተከናነበችው እናቴ መጣችብኝ፤ ግድግዳው መጣብኝ። የተማርኩት ሰላምታ ጠፋ፣ ያልተማርኩት ግን ከሆዴ ተነስቶ ወጣ። በእናቴ ድምፅ፣ በእናቴ ቁጣ፣ የእናቴን ጣት ቀስሬ በኽምጣኛ ጮህኩ፤

«በሩን ዝጋ፣ ዶሮዎቹ ገቡ!»

አያ ምስጋናው ዱላቸውን ጥለው ብድግ አሉ። ፈጠን ፈጠን ብለው ሄዱና በሩን ዘጉት። እጃቸው መዝጊያው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

«እናቴ የተጣራች መሰለኝ» አሉ በአማርኛ። «ካረፈች ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሳቃቸው ቀደመኝ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሌላስ? ሌላስ ምን ትል ነበር?» አሉኝ። ሌላማ ሞልቶኛል። እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት የተቆጣችኝን በሙሉ አወረድኩት፤ እንዲህ አቀላጥፌ የተናገርኩበት ቀን በአማርኛም የለም።

«ምን እያለ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«እግሬን እንድታጠብ ነው የሚለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ማሰሮውን ማን እንደሰበረው ይጠይቃል።»

ሰብሳቢው ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እስካሁን አላወቅኩም። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ታዲያ አያ ምስጋናው፣ ቋንቋውን ይችላል ወይስ አይችልም?» አላቸው።

ሽማግሌው አሰቡ። «ለሰው አይሆንም» አሉ። ልወጣ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ለፍየል ግን ከዚህ የተሻለ አታገኙም። ፍየል እንደምን አደርሽ ብትላት ጀርባዋን ነው የምትሰጥህ፤ እንዲህ ሲቆጧት ነው የምትሰማ። ሁለት ሰው አይደል የምትፈልጉ? ሰው ሰውን የምታናግር አንዲት ልጅ ጨምሩበትና ተዉት።»

እውነትም አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም ተለጠፈ፤ ከላይ ኽምጣኛ እንደ ውኃ የሚወርድላት ጽጌ የምትባል ልጅ፣ ከሥር እኔ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ባጃጅ መያዝ ረስቼ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሽሮ እየነፋች ነበር። «እማዬ፣ አለፍኩ። ሥራ ያዝኩ» አልኳት።

ወንፊቱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አፏን ስትከፍት የወጣው ኽምጣኛ ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ኽምጣኛ። እኔም ሄድኩና በሩን ዘጋሁ። ዘግቼ ዶሮዎቹን ፈለግኩ፤ አንድም ዶሮ ቤት ውስጥ የለም።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«መረቅኩህ እኮ ነው፣ አንተ ሞኝ» አለች፣ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ። «አማርኛው አልበቃ ቢለኝ ነው።»

በሃያ አንድ ራሷን አላመማትም። እንዲያውም ጠዋት ማልዳ ወጥታ ባለተራዋን ከእንቅልፏ የቀሰቀሰቻት እሷ ናት አሉ።

እኔም በበነጋው ሰብለ ዘንድ ሄጄ ሲቪዬን አስከፈትኳት። «ኽምጣኛ ከሚለው ሥር ለሁለት ክፈይልኝ» አልኳት። «ቁጣ፦ እጅግ በጣም ጥሩ። ምርቃት፦ ዜሮ ዓመት።»

«ምርቃት የሚል ሳጥን የለም።»

«ሥሪለት።»

ሠራችለት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ነቅላ አየችኝ። «በዜሮ ዓመት ማን ይቀበልሃል ታዲያ?»

«እናቴ ጀማሪ ትቀበላለች» አልኳት።